እሳቱ የሚነፋው ወናፍ

ሞተሩ አይረባም። ይህን አስቀድሜ ተናግሬ ልገላገል፤ ባለቤቱ ወዳጄ ነው፣ ጽሑፉንም ያነበዋል፣ ግማሹን መንገድ እያሞገስኩት ሄጄ መጨረሻ ላይ "ነገር ግን" ብዬ ልጥለው አልፈልግም። ዕቃ አይጭንም። ሰው አያፈናጥጥም። ጠዋት ካልተገፋ አይነሳም፤ ሲነሳም ሰፈሩን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ቤንዚን አጠጣጡ የጠላ ቤት ደንበኛን ያስታውሳል። በዝናብ አይወጣም፣ ኮረኮንች ላይ አይወጣም፣ ትራፊክ ፖሊስ ባለበት ደግሞ ጭራሽ አይወጣም። ከደብረ ብርሃን ጣርማ በር ደርሶ ለመመለስ ከዋዜማው ጀምሮ መፍቻ ይዞ ሲታገሉት ማደር ያስፈልጋል። እኔ በመንዝ ቀበሌዎች ለግብርና ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ በሞተር ሳይክል የዞርኩ ሰው ነኝ። ለእኔ የሞተር ሳይክል ቁም ነገሩ ጠዋት ከሞላሌ ተነስቶ፣ ጭቃውንም ውርጩንም ችሎ፣ መሐል ሜዳ ማድረሱ ነው። በዚህ ሚዛን የወዳጄ ሞተር ገለባ ነው።

ሆኖም ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ፣ በተገለበጠ የቢራ ሣጥን ላይ ቁጭ ብዬ ወዳጄ ይህን ሞተር ሳይክል ባለ ቱርቦ ሲያደርገው አይቻለሁ። ባለቤቴ "እዚያ ምን አለህ?" ስትለኝ የምመልሰው ይጠፋኛል። ይህን የምጽፈውም ለእሷ ያልመለስኩትን ለመመለስ ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩ የተጀመረው በጨረታ ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት ግቢውን ሲያጸዳ፣ ለዓመታት ማዳበሪያ ጆንያ ሥር ተኝቶ የኖረ ያማሃ ኤክስቲ 600 ለሽያጭ አወጣ። 595 ሲሲ የሆነ አንድ ፒስተን ብቻ ያለው፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ረጅም እግር ያለው የገጠር ሞተር። ወዳጄ ገዛውና ሁላችንም "ጥሩ ገዛህ፣ አጽዳውና ሽጠው" አልነው። እሱ ግን ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ሶማሌ ተራን ሲያስስ ውሎ፣ የሃይሩፍ ሚኒባስ ቱርቦ በፌስታል ጠቅልሎ ተመለሰ። ሁለት ሊትር ተኩል ለሚሆን የናፍጣ ሞተር የተሠራ ቱርቦ፣ ሩቡን ለማይሞላ የቤንዚን ሞተር። የአባት ጫማ ለሕፃን ማለት ነው።

ቱርቦ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው የማስረዳው በወናፍ ነው። የገጠር ቀጥቃጭ ቤት የገባ ያውቃል፤ ልጁ ሁለቱን የፍየል ቆዳ ስልቻዎች በየተራ እያነሳ ይጫናል፣ አየሩ በሸክላው አፍ ወደ ፍሙ ይገባል፣ ፍሙ ይቀላል፣ ብረቱም ይለዝባል። ልጁ ሲደክም እሳቱም ይደክማል። ቱርቦ ልጁን የሚያሳርፍ ወናፍ ነው፤ ወናፉን የሚነፋው እሳቱ ራሱ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንዲት ትንሽ ሽክርክሪት ያዞራል፤ በዚያው ዘንግ ማዶ ያለችው እህቷ ንጹሕ አየር ጨምቃ ወደ ሞተሩ ትመልሳለች። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይዞራል። አልፍሬድ ቡኺ የሚባል ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ይህን ሐሳብ በፓተንት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው።

እኛ አገር ደግሞ ነገሩ የተለየ ጣዕም አለው፤ የምንኖረው ከፍታ ላይ ነዋ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶ ሰባ ቢሆን ነው። ያለ ቱርቦ የሚሠራ ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ መቶኛ እጅ ያህል እየጣለ ይወጣል። ጃፓን ውስጥ ተለክቶ በወረቀት ላይ የተጻፈለት የፈረስ ጉልበት እኛ ዘንድ ሲደርስ ሲሶውን ያህል በመንገድ ጥሎ ነው። በዚያ ላይ ካርቡራተሩ ይህን አያውቅም፤ ለባሕር ዳርቻ አየር የተመጠነ ቤንዚን ለደጋ አየር ያፈሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ድሮ ፊያት ኤንትሬዎቹ ጣርማ በርን ሲወጡ የጭነት ረዳቱ ወርዶ በእግሩ ይቀድማቸው ነበር ይባላል። ቀልድ ነው፤ ግን ዳገቱን ለሚያውቅ ብዙ የተጋነነ አይደለም።

ይህን ያሰብነው እኛ ብቻ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1918 የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ አንድ ሊበርቲ የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ፣ አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ 4,300 ሜትር ከፍታ ወዳለው የፓይክስ ተራራ ጫፍ አወጣው። ሜዳ ላይ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እዚያ ሲደርስ 230 ቀረው። ቱርቦውን ሲያስርበት 356 ሆነ። ወዳጄ ይህን ታሪክ ከእኔ ሲሰማ የሳቀውን ሳቅ አልረሳውም። "ታዲያ ጣርማ በር ምን አነሰው?" አለ።

ሒሳቡን አብረን በካርቶን ላይ ሠራነው። ደብረ ብርሃን ላይ ቱርቦው 0.3 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ቢጨምር፣ ሞተሩ የሚያገኘው አሰብ ወደብ ላይ ቢቆም ኖሮ በነጻ ያገኘው የነበረውን አየር ያህል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 0.3 ባሮች ከፍታው የወሰደብን መልስ ናቸው፤ ትርፉ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። እሱ 0.5 ላይ ወሰነ። የበለጠ እንዳይጨምር ለመንኩት። የሲሊንደሩን ሥር በወፍራም ጓርኒሲዮን ከፍ አድርጎ የመጭመቅ መጠኑንም ቀነሰ፤ አለዚያ ቤንዚኑ ሰዓቱ ሳይደርስ ይነድና ፒስተኑን እንደ መዶሻ ይቀጠቅጠዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ችግር ነው። በዝርዝር ብጽፈው አታነቡልኝም፤ ሁለቱን ብቻ ልናገር።

አንደኛው የአንድ ፒስተን ችግር ነው። ባለ አንድ ፒስተን ሞተር ጭሱን የሚተፋበትና አየር የሚስብበት ጊዜ የተለያየ ነው። ቱርቦው አየር ጨምቆ ሲያመጣ የሞተሩ አፍ ዝግ ነው፤ አፉ ሲከፈት ደግሞ ቱርቦው ትንፋሹን ጨርሷል። የመጀመሪያ ቀን ሲያስነሳው በቱርቦውና በካርቡራተሩ መካከል ያለው የጎማ ቱቦ እንደ እንቁራሪት ጉሮሮ ሲነፋና ሲሟሽሽ አየነው። ወዳጄ ቆሞ አየው፣ አጠፋው፣ ለሁለት ሳምንት ሥራ አቆመ። በሦስተኛው ቅዳሜ ስሄድ አንድ ባዶ የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ቆርጦ በሁለቱ መካከል በይዶታል፤ አየሩ እዚያ ተጠራቅሞ ተራውን ይጠብቃል። ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ ማይክል ቡችማንና አሞስ ዊንተር የሚባሉ ተመራማሪዎች በባለ አንድ ፒስተን የናፍጣ ሞተር ላይ ይህንኑ የአየር ማጠራቀሚያ ሐሳብ እንደሞከሩት ያወቅኩት በኋላ ነው፤ ያነሳሳቸው ለድሃ ገበሬዎች የሚሆን አነስተኛ ትራክተር ነበር። ስነግረው "እነሱም የእሳት ማጥፊያ ነው የቆረጡት?" አለኝ።

ሁለተኛው የካርቡራተሩ ጽዋ ነው። የተጨመቀ አየር በካርቡራተሩ ሲያልፍ፣ ቤንዚን የሚጠራቀምበት ጽዋ ከላይ ያው ግፊት ካላረፈበት ቤንዚኑ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ወደ ኋላ ይገፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከማጠራቀሚያው አንዲት ቀጭን ቱቦ ወደ ጽዋው አናት መዘርጋት። የጤና ጣቢያ የግሉኮስ ቱቦ አሠረበት። ውብ ሆነ፤ የቤንዚኑ ትነት በውስጡ ሲመላለስ ይታያል። በወሩ ግን ያ ለስላሳ ቱቦ እንደ ደረቅ ገለባ ሆኖ ቀጭ አለ፤ ቤንዚን ልስላሴውን መጥጦ ወስዶበታል። ጉዶ በረት አጠገብ መንገድ ላይ ቀርቶ በኔ ቦክሰር ጎትቼ መለስኩት። ቱርቦ የሌለው፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ቦክሰር። ይህን ለመጻፍ ብዬ ብቻ ይህን አንቀጽ ጀምሬ ሊሆን ይችላል።

አንድ ቀን ሰጠኝ። ጣርማ በር ዋሻው አፍ ድረስ እሱ ነዳ፤ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ከሸነቆሩት ዋሻ ወዲህ አንድ ሜዳ መሳይ ቦታ አለ፣ እዚያ ቁልፉን ሰጠኝና ወደ ደብረ ብርሃን አቅጣጫ አዞርኩት። መጀመሪያ ምንም የለም። ከምንም በታች ነው እንጂ፤ ያ ትልቅ ቱርቦ ጭሱን ስለሚያንቀው ሞተሩ እንዲያውም ቱርቦ ከሌለው የባሰ ይለግማል። ማርሽ ሦስት፣ ጋዙ እስከ መጨረሻ፣ ዝምታ። "ይኸው ነው?" ብዬ ላስብ ስል ከጉልበቴ ሥር ፉጨት ጀመረ፤ ቀጭን፣ እንደ ገደል ንፋስ። ከዚያ የሆነውን በትክክል ልገልጸው አልችልም። ከኋላዬ ሰው የወረወረኝ መሰለኝ። እጄ ጋዙን መመለስ ሲገባው መሪውን ሙጭጭ ብሎ ያዘ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ሜዳው አለቀ። ከመንገድ ዳር ተቀምጠው ሣር የሚነጩ ጭላዳዎች ተነስተው ወደ ገደሉ አፋፍ ሄዱ። ጋዙን ስለቀው ደግሞ ቱርቦው ወዲያው አላቆመም፤ የራሱ ሐሳብ እንዳለው ትንሽ ቆየ።

ስመለስ ጉም ገብቷል፣ ማምሻው ጠቁሯል። የቱርቦው ጭስ የሚገባበት ጎን ፍም መስሎ ቀልቷል፤ የናፍጣ ቱርቦ የለመደው ለስለስ ያለ ሙቀት ነው፣ የቤንዚን ጭስ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ከደብረ ሲና ቆሎ ሸጣ የምትመለስ ሴት ከሚኒባስ ወርዳ ሌላ መኪና ስትጠብቅ ነበር፤ ጠጋ ብላ አየችና ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ኋላ አለች። "ወንድምዓለም፣ እሳት ይዞሃል እኮ!" አለችው። "አዎ እታለም፣ የሚነዳውም እሱ ነው" አላት። ምንም አላሳቃትም። "ታዲያ ለምኑ ነው?" አለች። እሱም አልመለሰም፣ እኔም አልመለስኩም፣ ሚኒባስ መጣላት ሄደች።

ጃፓኖቹም ይህንኑ ጥያቄ ተጠይቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 ሆንዳ ሲኤክስ 500 ቱርቦን፣ ያማሃ ኤክስጄ 650 ቱርቦን አወጡ፤ በ1983 ሱዙኪ ኤክስኤን 85ን፣ ቀጥሎ ካዋሳኪ ባለ 750 ሲሲውን አስከተሉ። አራት ትልልቅ ፋብሪካዎች፣ የዓለም ምርጥ መሐንዲሶች፣ ብዙ ገንዘብ። አሥር ዓመቱ ሳያልቅ አራቱም ተዉት። ክብደት ጨመረ፣ ዋጋ ጨመረ፣ ጉልበቱም እንደኛው ሞተር ዘግይቶ ይመጣል፤ ትልቅ ሞተር መሥራት ከዚያ ይቀል ነበር። እነሱ የተዉትን ደብረ ብርሃን ውስጥ ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ ማንሳት ምን ይባላል? ግትርነት ይባላል። ሌላ ስም አልፈልግለትም።

ግን ጭስ ማውጫውን ላሳያችሁ። ከሞተሩ ወደ ቱርቦው የሚሄደው ቧንቧ ሁለቴ መታጠፍ አለበት፤ ወዳጄ የቧንቧ ማጠፊያ የለውም። ስለዚህ ቀጥ ያለውን ቧንቧ በመጋዝ እንደ ሽንኩርት በሰያፍ ቆራርጦ፣ አሥራ አንድ ቁራጭ፣ አንዱን ካንዱ እያጋጠመ አጠፈው። እያንዳንዱን ቁራጭ በሞርድ አስተካክሎ፣ ሁለቱን አጋጥሞ ወደ ፀሐይ ያነሳዋል፤ በመካከል የብርሃን ክር ከታየ እንደገና ይሞርዳል። አንዱን ቁራጭ አምስት ጊዜ ሲያነሳ ቆጥሬያለሁ። ብየዳው እንደ ጥሩ ሹሩባ እኩል እኩል እየተደራረበ ይሄዳል፤ ጣታችሁን ብታሳልፉበት አንድም ቦታ አይይዛችሁም። ከቧንቧው ሥር፣ ማንም ጎንበስ ብሎ የማያየው ቦታ ያለው ብየዳ ከላይኛው አይለይም። ጎንበስ ብዬ አይቻለሁ።

እዚህ ላይ ነው የእኔ አስተያየት። እኛ አካባቢ ጠቃሚ ነገር ሞልቷል። የቤቴ የመስኮት ፍርግርግ ጠቃሚ ነው፤ የሠራው ሰው ሰባት ቦታ ነካ ነካ አድርጎ በይዶ ቀለም ቀባበት፣ በሁለተኛው ክረምት ተላቀቀ። በሥራ የምሄድበት አንድ ቀበሌ ያለው የውሃ ቦኖ ጠቃሚ ነው፤ ቧንቧው ዘንበል ብሎ ስለተተከለ ሴቶቹ እንስራውን በጉልበታቸው ደግፈው ይሞላሉ። የቦክሰሬ የዕቃ መጫኛ፣ የትምህርት ቤት ወንበር፣ የግቢ በር፣ ሁሉም ጠቃሚ ናቸው፤ ጠቃሚ ስለሆኑም ይቅርታ አድርገንላቸዋል። "ይሠራል አይደል?" እንላለን። ይህ ሞተር ደግሞ "ይጠቅማል" በሚል ሰበብ የሚሸፈን አንድም ነገር የለውም። ካላማረ፣ ካልገጠመ፣ ካፈሰሰ የሚቆምበት እግር የለውም። እጅ ምን ያህል መጠንቀቅ እንደሚችል ያየሁት በማይረባ ነገር ላይ መሆኑ ያናድደኛል። ይህን ያህል ጥንቃቄ ያ ቦኖ ላይ ቢፈስ ኖሮ እያልኩ እናደዳለሁ። ቦኖውን ግን እሱ አልሠራውም፤ የሠራውም ሰው ወደ ፀሐይ አንስቶ አላየውም።

አንድ ቀን ስንጨዋወት አያቱ ቀጥቃጭ እንደነበሩ ነገረኝ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። በአገራችን ይህ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚነገርበትን ምክንያት አንባቢ ያውቃል። ማረሻውንና ማጭዱን ከእጃቸው እየተቀበልን ማዕድ የለየናቸው ሰዎች ነበሩ። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ ማስነገራቸው ስድቡ ምን ያህል እንደነበር ይናገራል። ወዳጄ ስለ አያቱ የተናገረው ያን ዕለት ብቻ ነው፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ወናፉን ግን አይቼዋለሁ፣ ከሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ቆዳው ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

ስለ ምኒልክ ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። አንኮበር ከዚህ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። እ.ኤ.አ. በ1879 አልፍሬድ ኢልግ የሚባል ወጣት መሐንዲስ እዚያ ምኒልክ ዘንድ መጣ፤ እንደ ቱርቦው ቡኺ እሱም ስዊዘርላንዳዊ፣ እሱም አልፍሬድ (እዚያ አገር ብረት ለሚወድ ልጅ ይህን ስም ሳያወጡለት አይቀሩም)። እንደሚባለው ምኒልክ መጀመሪያ ጫማ ሥራልኝ አሉት፣ ሠራ። ከዚያ ጠመንጃ ሥራልኝ አሉት። ከውጭ ማስመጣት ይቀላል፣ ይረክሳልም ብሎ ቢከራከር አልሰሙትም፤ በብዙ ድካም አንድ ጠመንጃ ሠራላቸው። በጦርነት ሒሳብ አንድ ጠመንጃ ምንም አይደለም። እኔ ሳስበው ንጉሡ ማየት የፈለጉት እጁን ነው።

አሁን ወደ ጠቡ ልምጣ። ጣርማ በርን መውጣት አንድ ነገር ነው፤ ከዋሻው ማዶ ግን ሌላ ዓለም አለ። ከዋሻው እስከ ሸዋ ሮቢት ከ50 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ መንገድ ወደ 1,800 ሜትር ቁልቁል ትወርዳላችሁ። በካፖርት ተነስታችሁ በሸሚዝ ትደርሳላችሁ። ያ መንገድ የሚፈልገው ፍሬን ነው። ሞተሩ ሊጠናቀቅ ሲል ጠየቅኩት።

"ፍሬኑስ?"

"የፋብሪካው ነው ጋሼ።"

"ሞተሩስ የፋብሪካው ነው?"

ዝም አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያሰበው ስለ መውጣት ብቻ ነው። የኋላው ፍሬን አሁንም ያው አሮጌው ባለ ከበሮ ነው፣ ሸራውም አልተቀየረም። የባሰው ደግሞ የመጭመቅ መጠኑን በመቀነሱ ሞተሩ በማርሽ ሲወርድ የሚይዘው ጉልበት ቀንሷል። የተጨመረው ዕቃ ሁሉ ለመፍጠን፣ የተቀነሰው ሁሉ ከማቆሚያው ላይ። ይህን ስነግረው የተቆጣ መሰለኝ፤ መፍቻውን አስቀምጦ እጁን በቤንዚን ታጠበ። እኔም ተቆጣሁ። አሥራ አንድ ቁራጭ ቧንቧ ወደ ፀሐይ እያነሳ ያየ ሰው የፍሬን ሸራ አላየም ማለት ለእኔ ይቅር የሚባል አይደለም፤ ማንም የማያየውን ብየዳ አሳምሮ፣ ሕይወቱ የተንጠለጠለበትን ትቶ።

የቱርቦው ዘመን ራሱ እያለፈ መሆኑንም ነግሬዋለሁ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ደብረ ብርሃንም ብርቅ አይደለም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ጣርማ በር ላይ ቢወጣም ሮቢት ቢወርድም ጉልበቱ ያው ነው። ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ ያዘገየዋል፣ ባትሪውንም ይሞላል። የሞስም፣ የቡኺም፣ የወዳጄም ጭንቀት በአንድ ቅጽበት ከንቱ ሆነ ማለት ነው። ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰማኝ።

"አያፏጭም እኮ ጋሼ" አለ።

ከጠባችን በኋላ ለአንድ ወር አልሄድኩም። ባለፈው ረቡዕ ደወለ። ቱርቦው እንደገና ዘይት ማፍሰስ ጀምሯል፣ ቱርቦው ከዘይቱ ማጠራቀሚያ ዝቅ ብሎ ስለታሰረ ዘይቱ በራሱ አይመለስም፣ መሳቢያ ፓምፕ ቶርኖ ላይ ቀርጾ አሠረበት፣ ለቅዳሜ ዝግጁ ነው፤ ውርጩ ከባድ ስለሆነ የሚገፋ ሰው ይፈልጋል። ስለ ፍሬኑ አላነሳም። እኔም በስልክ አላነሳሁበትም።

ቅዳሜ እሄዳለሁ። አንድ ጥንድ የፍሬን ሸራ ገዝቼ ኪሴ ውስጥ አድርጌያለሁ።